የታደሰችና የኖረች፦ የድሮ መኪኖች ትርኢት ማንን ይሸልማል?

ማደስ፣ መንዳት፣ ማሳየት። የድሮ መኪና ፍቅር በእነዚህ ሦስት ግሦች ይጠቃለላል። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ሦስቱ አንድ ሥራ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ላጤናቸው ግን እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የምትነዳ መኪና አቧራ ትለብሳለች፣ ትጫራለች፣ ዘይት ታንጠባጥባለች። ለእይታ የምትቀርብ መኪና ከአቧራ ትሸሻለች። የምትታደስ መኪና ደግሞ የኖረችበት ዘመን ምልክት ከላይዋ ይገፈፋል። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ፍቅር ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ከሦስቱ ግሦች የትኛው ገዥ ሆኖ እንደወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዚህ ጸሐፊ አቋም ማሳየት ሌሎቹን ሁለቱን እየዋጣቸው ነው የሚል ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአካባቢያችን ስመ ጥር የሆነው ትርኢት ናይሮቢ ላይ የአልፋ ሮሜዎ ባለቤቶች ክበብ ከ1970 ጀምሮ ሲያዘጋጀው የኖረው ‹ኮንኩር ዴሌጋንስ› ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ በእኛ አፍ ‹የቁንጅና ውድድር› ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። በንጎንግ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ መኪኖችና ሞተር ብስክሌቶች ይሰለፋሉ፤ ዳኞችም የውጭ አካሉን፣ የውስጥ መቀመጫውን፣ ሞተሩን፣ ጎንበስ ብለውም ሆዱን ሳይቀር እየመረመሩ ነጥብ ይሰጣሉ።

ለዚህ ዓይነቱ ትርኢት ምስጋና መንፈግ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለብረት አቅላጭ ሊሸጡ የነበሩ ስንት መኪኖች ዛሬ በሕይወት ያሉት የሚያያቸውና የሚያደንቃቸው ሰው ስለተገኘ ነው። መለዋወጫዋ ከገበያ ከጠፋ ብዙ አሥርት ዓመታት ያለፏትን መኪና ማቆም ቀላል አይደለም። ጓርኒሲዮኑን በእጅ መቁረጥ፣ የጎደለውን ዕቃ ቶርኖ ቤት ማስወጣት፣ የዛገውን ቆርቆሮ ቆርጦ ጥሎ ሌላ መበየድ ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ ባለቤት ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውንም ይከፍላል። ስለዚህ ነቀፌታው በባለቤቶቹ ላይ ሳይሆን በመለኪያው ላይ ነው።

ንጽሕና ለመለካት ይመቻል። ዳኛው ነጭ ጨርቅ ይዞ የሞተሩን ጎን ቢነካ ጨርቁ ይመሰክራል። አንዲት መኪና የት እንደኖረች፣ ማንን እንደጫነች፣ በምን ብልሃት ከሞት እንደተረፈች ግን በጨርቅ አይለካም። ስለዚህ ነጥቡ ወደሚለካው ያደላል። ባለቤቱም ነጥብ ፍለጋ የመጀመሪያውን ቀለም ፍቆ አዲስ ይቀባል፤ የተሰነጠቀውን ቆዳ ጥሎ አዲስ ያለብሳል። በመጨረሻ ከፊታችን የምትቆመው መኪና በፋብሪካ ከተወለደችበት ቀን ይበልጥ የምታበራ፣ ነገር ግን ምንም የማታስታውስ መኪና ትሆናለች። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1950 የተጀመረው የፔብል ቢች ትርኢት እንኳ፣ የዚህ ሁሉ ማብረቅረቅ ቁንጮ ሆኖ ሳለ፣ ላልታደሱ መኪኖች የተለየ ምድብ ከፍቷል። እነሱ የተጸጸቱበትን እኛ እንደ አዲስ ግኝት ይዘን መሮጥ የለብንም።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ጣጣም አለበት። የዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን (ፊቫ) በ2012 በቶሪኖ ከተማ ያጸደቀው ቻርተር ባለበት ማቆየትን፣ መንከባከብንና መመለስን ለያይቶ ያያል። በአማርኛ ግን ሁሉንም ‹እድሳት› ብለን እንጠቀልላቸዋለን። በትርጉም ሥራ ለሚተዳደር ሰው ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ማደስ ማለት አዲስ ማድረግ ነው፤ የድሮ መኪና ክብሯ ደግሞ አዲስ አለመሆኗ ነው። ቃሉ ራሱ ሥራውን ያሳስታል። በጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በቀና ልብ አዲስ ቀለም ተለቅልቆበት ያየ ሰው፣ እድሳት የሚባለው ነገር እንዴት ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ነጋሪ አያሻውም።

ለመፍትሔው ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የብራና መጽሐፍ ቅጠል ሲቀደድ ደብተሮቻችን ቀዳዳውን በክር ይሰፉታል። ስፌቱ ይታያል፤ ለመሸሸግም አይሞከርም። ጽሑፉ ይነበባል፣ ቁስሉም ይታወቃል። ይህ ‹ጥገና› ይባላል። የቶሪኖው ቻርተርም በእድሳት ጊዜ የሚገቡ አዳዲስ ዕቃዎች ተለይተው እንዲታወቁ ምልክት ይደረግባቸው ብሎ ሲመክር፣ ሳያውቀው የብራና ጠጋኙን ሥነ ምግባር መድገሙ ነው። ‹የታደሰች መኪና› ከማለት ‹የተጠገነች መኪና› ማለትን ብንለምድ ከቃሉ ጋር አስተሳሰባችንም ይቃና ነበር።

ይኸው ፌዴሬሽን ግን በአንድ ነገር ይተቻል። ጥንታዊ ተሽከርካሪ ማለት ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከታሪኩ ጋር በሚስማማ ይዞታ የተጠበቀና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት የማያገለግል ነው ይላል። የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ እንበል። ሐሳቧ ከየት እንደመጣ ይገባናል፤ የአውሮፓ ባለሥልጣናት የትርፍ ጊዜ ወዳጁን መኪና በየዕለቱ ጭስ ከሚተፋ አሮጌ መኪና ለይተው የግብርና የምርመራ ሕግ እንዲያቃልሉለት የተዘጋጀች ናት። በእኛ ሰፈር ግን ትርጉሟ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሰው ቮልስ፣ በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ዘመን የተሻገረችው ላዳ፣ አሥመራ ላይ ዳገት የምትወጣው ዕድሜ ጠገብ ፊያት በዚህ ሚዛን ቅርስ አይደሉም። ጥፋታቸው መሥራታቸው ነው። አሥመራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ በ1938 የተሠራው፣ አውሮፕላን የሚመስለው የፊያት ታሊዬሮ ነዳጅ ማደያም ከዝነኛ ሕንጻዎቿ አንዱ ነው። ማደያው ቅርስ ሆኖ፣ ማደያው የተሠራላት መኪና ተራ አሮጌ ብረት የምትባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ቮልስን በምሳሌነት ብናነሳ ነገሩ ይጠራል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚበርደውም በአየር እንጂ በውኃ አይደለም። ራዲያተር የላትምና ዳገት ላይ ውኃ አትፈላም፣ ሜዳ ላይም ውኃ አታስለምንም። በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጎዳናዎች የተጀመረውን የሳፋሪ ራሊ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈችው ይህችው መኪና ናት። የመጨረሻዋ ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ነበር። እንግዲህ ብርቅነቷ በቁጥሯ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ እስከ ዛሬ ያቆማት የፋብሪካው ዕቃ ሳይሆን ሶማሌ ተራ ነው፤ ከሦስት የሞቱ መኪኖች አንዲት ሕያው መኪና የሚያወጣው መካኒክ ነው። የጀርመን መኪና ናት፤ መካኒኩ ግን ስለ ካንዴላዋ፣ ስለ ፍሪሲዮኗና ስለ ፓራውርቲዋ የሚነጋገረው ከጣሊያንኛ በወረሰው ቃል፣ በአማርኛ ሰዋስው ነው። ቆርቆሮዋን የሚያቃናውም ባትላሜራ ይባላል። በአንድ ጋራዥ ወሬ ውስጥ የሚሰማ ታሪክ በብዙ ቤተ መዘክር አይገኝም።

መንዳትን ያስቀደሙም አሉ። የመጀመሪያው ሳፋሪ 50ኛ ዓመት በሞላበት በ2003 የድሮ መኪኖች ብቻ የሚሳተፉበት የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ ተጀመረ። መኪኖቹ በጭቃና በአቧራ ውስጥ ሲያልፉ ማየት፣ በሣር ላይ ቆመው ከማየት ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። ሆኖም ውድድሩ ሌላ ፈተና አለበት። እንዲህ ላለው መንገድ የሚዘጋጅ መኪና አካሉ ተጠናክሮ፣ ብዙ ነገሩ ተለውጦ ይቀርባል፤ ወጪውም የጥቂቶች አቅም ነው። በአንጻሩ ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ በ1965 ከወንድሙ ጋር ሳፋሪን ያሸነፈው በሁለተኛ እጅ በተገዛች ቮልቮ ነበር። ሰውዬው ራሱ መካኒክ ነበር፤ የመኪናዋን ድምፅ ሰምቶ ሕመሟን ያውቅ ነበር። የአካባቢያችን የመኪና ታሪክ ትልቁ ጀግና እጁ ዘይት የነካ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በትርኢቶቻችን ከመኪናዋ ፊት በሚቆመው ካርድ ላይ የምናነበው ግን የባለቤቱን ስም ነው። ናይሮቢ ላይ በኪሪንያጋ መንገድ ዳር ሲቀጠቅጥ የከረመው ፉንዲ፣ ነጥብ ሲደመር የትም የለም።

ይህ የክብር ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሌላ ቀን ባሳደርነው ነበር። ግን ጊዜ የለም። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ እጅግ አከበደች፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኗ ተገለጸ። ውሳኔው የራሱ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ለከተማው አየርም መልካም ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ፍቺው ግልጽ ነው። በአገር ውስጥ ያለችው የድሮ መኪና ያለችው ብቻ ናት፤ ተተኪ አትመጣም። ከዚህም የሚብሰው ሙያው ነው። ነገ ጋራዥ የሚገባ ወጣት ስለ ባትሪ ይማራል፤ ደግም ያደርጋል። ካርቡራቶር በጆሮው የሚያስተካክለው ሽማግሌ ግን ያን ጆሮ የሚያወርሰው አያገኝም። የቶሪኖው ቻርተር እንኳ የጥንት ተሽከርካሪ በሚገባ የሚታወቀውና የአነዳዱ ዕውቀት የሚተላለፈው ሲሠራ ነው ይላል። የቆመች መኪና ዲዳ ናት።

ስለዚህ ትርኢት አዘጋጆች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ብዙ ገንዘብ አያወጡም። አንደኛ፣ ከባለቤቱ ስም አጠገብ የመካኒኩ፣ የባትላሜራውና የቀለም ቀቢው ስም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በየዕለቱ ለሚሠሩ አሮጌ መኪኖች የተለየ ምድብ ይከፈት፤ ዳኛውም የሚጠይቀው ምን ያህል እንዳበራች ሳይሆን ምን ያህል እንዳገለገለችና ማን እንዴት እንደጠገናት ይሁን። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዷ መኪና የጥገና መዝገብ ይከፈትላት፤ ምኑ የራሷ፣ ምኑ ከሌላ የመጣ፣ ምኑ እዚሁ ቶርኖ ቤት የተሠራ እንደሆነ ይመዝገብ። ያ መዝገብ ለዛሬ ዳኛ መመሪያ፣ ለነገ ተማሪ መማሪያ ይሆናል።

ማብራት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ከብርሃኑ በስተጀርባ ያለውን እጅ መደበቅ ነው። ትርኢቶቻችን የታደሰችውን መሸለማቸውን ይቀጥሉ፤ የኖረችውን ግን ከሜዳው ውጭ አቁመው አይለፏት።