ዲስፐርሽን በእርግጥ ጠላት ነው? የመማሪያ መጻሕፍት ያስቀሩት ግማሽ ታሪክ

ስለ ኦፕቲካል ፋይበር የሚያስተምሩ ብዙ መጻሕፍት ዲስፐርሽንን ከሲግናል መዳከም ጎን አስቀምጠው "መቀነስ ያለበት ጉዳት" ብለው ያልፉታል። ስህተት ነው አይባልም፤ ግን ግማሹን ታሪክ ያስቀራል። የቀረው ግማሽ ደግሞ ዋናው ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። አንድ የብርሃን ምት ብዙ ተቀራራቢ የሞገድ ርዝመቶች አሉበት፤ በመስታወት ውስጥ ደግሞ ሁሉም እኩል አይሮጡም። አብረው የተነሱ ሯጮች ርቀቱ ሲጨምር እንደሚራራቁ ሁሉ፣ ምቱም እየሰፋ ይሄዳል። በተለመደው ፋይበር፣ በ1550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ለእያንዳንዱ ናኖሜትር ስፋት በኪሎ ሜትር 17 ፒኮሰከንድ ገደማ ይሰፋል። እስቲ አስሉት፦ በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ሲግናል 0.1 ናኖሜትር ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ምቱ ወደ 136 ፒኮሰከንድ ይሰፋል። የአንዱ ቢት ጊዜ ግን 100 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው። ቢቶቹ ተደራረቡ ማለት ነው።

ታዲያ "ዜሮ እናድርገው" ማለት ብልህነት ይመስላል። ተሞክሯልም። የዜሮ ነጥቡ ከ1310 ወደ 1550 ናኖሜትር የተዛወረበት ፋይበር ተሠራ፤ ጃፓን በሰፊው ዘረጋችው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአንድ ፋይበር ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን አብሮ መላክ ሲስፋፋ ግን ጉዱ ወጣ። ቻናሎቹ እኩል ስለሚሮጡ ረጅም መንገድ ሳይለያዩ ይጓዛሉ፤ እርስ በርስ ተቀላቅለውም አዳዲስ ሞገዶች ይፈጥራሉ። እነዚህ ሞገዶች ጎረቤት ቻናል ላይ ያርፋሉ። ይህ ፎር ዌቭ ሚክሲንግ ይባላል። የሚያዳክመው ማን መሰላችሁ? ያው "ጠላት" የተባለው ዲስፐርሽን!

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል። ዲስፐርሽን ግን የፈሰሰ ውኃ አይደለም። መረጃው አልጠፋም፤ ቅደም ተከተሉ ነው የተዛባው። ድሮ ተቃራኒ ዲስፐርሽን ያለው የፋይበር ጥቅል በየማጉያው ጣቢያ ይገጠም ነበር። ይሠራል፤ ግን ጥቅሉ ራሱ ብርሃን ይበላል። የቀድሞ ተቀባዮች የብርሃኑን ኃይል ብቻ ይለኩ ስለነበር የሞገዱ ፌዝ ይጠፋባቸው ነበር። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተስፋፉት ኮሄረንት ተቀባዮች ግን ፌዙንም ይይዛሉ፤ ስለዚህ ቺፑ በሺዎች ኪሎ ሜትር የተከማቸውን መስፋት በስሌት ይመልሰዋል።

ለፍትሐዊነት ያህል፣ ስሌቱ በነፃ አይገኝም፤ ቺፑ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፣ ዋጋውም ውድ ነው። በዳታ ማዕከል ውስጥ ላሉ አጫጭር መስመሮች ዲስፐርሽኑ ዜሮ አካባቢ የሆነበትን 1310 ናኖሜትር መምረጥ ዛሬም ያዋጣል።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው "እንዴት ላጥፋው?" ብሎ እንዲጠይቅ ተደርጎ ይወጣል። መጠየቅ ያለበት ግን "የት ልተወው፣ የትስ ላርመው?" ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ለረጅም መስመር የማይስማማ ፋይበር አስቀበረ፤ ሁለተኛው የዛሬውን ኢንተርኔት ተሸክሟል።