አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ስለ ጫት እገዳና ስለ ገላችን ባለቤትነት

በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት ትምባሆ ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ ደግሞ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር የዘመኑን ታሪክ የጻፉ ሰዎች መዝግበዋል። ዛሬ ይህን ስንሰማ ይሰቀጥጠናል። የቅጣቱ አስተሳሰብ ግን ግልጽ ነበር፤ ገላው የባለቤቱ ሳይሆን የመንግሥትና የሃይማኖት ስለሆነ፣ ያጠፋው ብልት ራሱ ይቀጣ የሚል ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን የመጡት መንግሥታት ደግሞ ያንኑ ትምባሆ በሞኖፖል ይዘው ሲሸጡና ገቢ ሲሰበስቡበት ኖሩ። ከንፈር ያስቆርጥ የነበረው ቅጠል ግምጃ ቤት የሚሞላ ሆነ ማለት ነው። ለመሆኑ በመካከሉ የተለወጠው ምንድን ነው? ቅጠሉ ነው ወይስ የባለሥልጣኑ ሐሳብ?

ውድ አንባብያን፤ ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ስለ ትምባሆ ላወራችሁ አይደለም። በየምንኖርበት አገር ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሕግ ክርክር ሲነሳ እኛን በቀጥታ የሚነካው ጫት ነው። ጫት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ድል ካደረግሁ በንጉሡ መናገሻ ላይ ጫት እተክላለሁ ብሎ መፎከሩን የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይነግረናል። ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ስንወዛገብበት ኖረናል ማለት ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ሕጋዊ ንግድ ነው። በአንዳንድ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የውጭ ምንዛሪ አስገብቷል። የሐረርጌ ገበሬ ከቡናው ጎን፣ አንዳንዱም ቡናውን ነቅሎ፣ ይተክለዋል። ጅቡቲ ሲደርስ ቀረጥ የሚከፈልበት ሸቀጥ ነው። አሜሪካ ሲደርስ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተመዝግቧል። የሚገርመው፣ ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በቀናት ውስጥ እየከሰመ ይሄዳል። ስለዚህ ያው አንድ እስር ጫት ሰኞና ዓርብ በሕግ ፊት ክብደቱ አንድ ላይሆን ይችላል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን «ገላዬ የራሴ ነው፤ ምን እንደማኝክ መንግሥት ምን አገባው?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ቤት እየፈረሰ፣ ልጅ አባት እያጣ፣ ስለ ምን መብት ነው የምታወሩት?» ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ደግሞ የያዙት ግማሽ ሙሉ መስሏቸው ተሳስተዋል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው። በዚያ አገር ጫት እስከ 2014 ድረስ በግልጽ ይገባና ይሸጥ ነበር። መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የዕፆች አማካሪ ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ በጃንዋሪ 2013 ባወጣው ዘገባ፣ ጫት ያደርሳል የሚባለው ጉዳት እገዳን የሚያስከትል በቂ ማስረጃ እንደሌለው ገልጾ፣ ችግሩ በአካባቢ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ይያዝ ሲል መከረ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ግን ምክሩን ሳይቀበሉ በጁላይ 2013 እንደሚያግዱ አስታወቁ። ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ሆላንድ ስላገደች እንግሊዝ የአውሮፓ የጫት ማከፋፈያ ትሆናለች የሚል ነበር። የፓርላማው የአገር ውስጥ ጉዳዮች ኮሚቴም ተቃወመ፤ አልሰሙም። እገዳው በጁን 24 ቀን 2014 ሥራ ላይ ዋለ። ሲሸጥ የተገኘ እስከ 14 ዓመት፣ ይዞ የተገኘ እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

የመብት ተሟጋቾቹ ይህን ሲተርኩ አንድ ነገር ይዘላሉ። እገዳውን አጥብቀው ከጠየቁት መካከል የሶማሌ ማኅበረሰብ ሴቶች ነበሩበት። ባላቸው ሌሊቱን መፍሪሽ ውስጥ ሲቅም አድሮ ቀን ሲተኛ፣ ሥራውንም ልጁንም ለብቻቸው የተሸከሙ ሴቶች ማለት ነው። ለእነዚህ ሴቶች «ገላው የራሱ ነው» ብሎ መመለስ ስድብ ነው። ገላው የራሱ ቢሆንም ጊዜው፣ ደመወዙና አባትነቱ የራሱ ብቻ አይደለም። በእኛም ቤት ይህን የማያውቅ የለም።

ታዲያ የመብቱ ወገን አባት የሚባለው ጆን ስቱዋርት ሚል ይህን መች ዘነጋው? በ1859 ባሳተመው «ስለ ነፃነት» በተባለው መጽሐፉ፣ በስካር ምክንያት ቤተሰቡን ማስተዳደር ያቃተው ሰው ሊወቀስ፣ ሊቀጣም እንደሚገባ ጽፏል። የሚቀጣው ግን ቤተሰቡን በመበደሉ እንጂ በመጠጣቱ አይደለም። ገንዘቡን በሌላ ነገር አጥፍቶ ልጆቹን ቢያስርብም ጥፋቱ ያው ነው። «ገላዬ የራሴ ነው» የሚሉ ወገኖቻችን ሚልን ሲጠቅሱ የመጀመሪያውን አንብበው ይህን ክፍል ይዘሉታል። በሌላ በኩል ሚልም የሚነቀፍበት አለው። የግዴታው ድንበር የት እንደሚጀምር በቀላሉ የሚታይ አድርጎ አቀረበው። አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ አምስት ነፍስ በአንድ ደመወዝ በሚኖርበት፣ አገር ቤት ያለች እናት በየወሩ የምትጠብቀው ገንዘብ ባለበት ኑሮ፣ የራስ የሆነውና የሌላው የሆነው ጥግ ለጥግ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ይታገድ» ማለት ሌላ ስህተት ነው። ሴቶቹ የጠየቁት ባላቸው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው። ሕጉ የሰጣቸው ግን ፖሊስ ነው። መፍሪሾቹ በይፋ ተዘጉ፤ ጫቱ ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ ንሮ በድብቅ መሸጡ ቀጠለ። ደረቅ ጫትም የሻይ ቅጠል ወይም ሂና ተብሎ በፖስታና በሻንጣ ይጓዛል። ቀድሞ በርካሽ ይቅም የነበረ ባል ዛሬ በውድ ሲቅም፣ ልዩነቱ ከማን ሌማት ላይ ይቀነሳል? እገዳው ለሚስቲቱ ያመጣላት ይህንን ከሆነ፣ የአበው አነጋገር እንደሚለው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ቤተሰብን የመበደልን ነገር መያዝ ስላቃተው ሕግ ቅጠሉን ደበደበ።

አሜሪካ ያለነው ደግሞ ከዚህ የባሰ አለብን። በዋሽንግተን ዲሲ ሕዝቡ በ2014 በሰጠው ድምፅ መሠረት ከ2015 ጀምሮ ጎልማሳ ሰው ማሪዋና በቤቱ መያዝና ጥቂት ተክል ማሳደግ ይችላል። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ይህን አይቀበልም። ዜግነት ያላገኘ ሰው በአደንዛዥ ዕፅ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል፤ ሕጉ የሚተወው አንድ ጊዜ ብቻ ለራስ መጠቀሚያ የተያዘን እስከ 30 ግራም ማሪዋና ነው። ይህ ምሕረት ጫትን አይጨምርም። ስለዚህ ጎረቤቱ አሜሪካዊ በቤቱ ውስጥ ማሪዋና ሲያበቅል፣ ግሪን ካርድ የያዘው ወገናችን ለሠርግ ብሎ ባስመጣት እስር ጫት ልጆቹን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። የዮሐንስ ዘመን ሕግ ከንፈር ቆረጠ፤ ይህኛው አባትን ከቤት ይቆርጣል። የትኛው ነው ቤት የሚያፈርሰው?

አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይቀራል። «ሱሰኛ ሰው በገላው ላይ ሥልጣን አለው ማለት ይቻላል? ሱሱ ራሱ ነፃነቱን ወስዶበታል» የሚል ነው። እውነት አለው። አብዝቶ የሚቅም ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ለአእምሮ ሕመም የተጋለጠውንም ጫት ሊያባብስበት ይችላል። ሆኖም ሱስ የወሰደውን ነፃነት እስር ቤት አይመልስለትም። የሚመልሰው ሕክምና ነው፤ ያውም በሚገባው ቋንቋ የሚሰጥ። ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለራሱ መጠቀሚያ ጥቂት ዕፅ የያዘን ሰው ከወንጀል ችሎት አውጥታ የጤናና የማኅበራዊ ኑሮ ባለሙያዎች ወዳሉበት ኮሚሽን የምትልከው ለዚህ ነው። የኦሬጎን ግዛት በ2021 ቅጣቱን አንሥታ ሕክምናው በጊዜ ስላልደረሰላት በ2024 ወደ ቀድሞው ተመለሰች። ከሁለቱ የምንማረው፣ ቅጣትን ማንሳት ብቻውን ሥራ አለመሆኑን ነው።

ስለዚህ እኔ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ አይሸጥለት። መሸጫውና ሰዓቱ በፈቃድ ይወሰን። ልጁን ያላበላ፣ ሚስቱን የበደለ ሰው ስለ በደሉ በሕግ ይጠየቅ፤ ቃመም አልቃመም። ለራሱ ብሎ የያዛት እስር ግን ወህኒ አታስገባው፤ ከአገርም አታስባርረው። በየከተማው ያሉት ማኅበሮቻችንም የወደቀውን በሐሜት ከመሸኘት ይልቅ ወደ ሐኪም የሚያደርሱበትን መንገድ ያብጁ።

ከንፈር መቁረጥ ከትምባሆ እንዳላዳነን እናውቃለን። ስለ አገራችን ነፃነት በየአደባባዩ የምንጮኽ ሰዎች፣ በቤታችን ያለውን ጉዳይ በዝምታ ወይም በፖሊስ ብቻ ለመፍታት መሞከራችንን ቆም ብለን ብናስብበት መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።