ኮሌጅ ያላዩት ሊቃውንት መዝገበ ቃላት

በመልካሳ የምናውቃቸው ወጣቶች ኮሌጅ ሳይገቡ የኮሌጅን ትምህርት መማር ይቻል እንደ ሆነ ደጋግመው ይጠይቁናል። ጥያቄው የጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት መጽናኛ እንዲሆን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ስም ሲጠራ እንሰማለን፤ ስለዚህ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ሥራቸውን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»ን ልንመረምር ወደድን።

የሴም ቋንቋዎችን እያነጻጸሩ የግእዝን ቃል መፍታት በአውሮፓ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሙያ ነው። ጀርመናዊው ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት ግእዙን የፈታው በላቲን ነበር። አለቃ ኪዳነ ወልድ ግን የተማሩት በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ነው። ኋላም በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጡን፥ ሱርስቱንና ዐረብኛውን መረመሩ። መጽሐፋቸው የግእዙን ግስ ከነዚህ ዘመዶቹ ጋራ እያስተያየ በአማርኛ ይፈታዋል፤ ላቲን የማያውቅ ያገራችን ሰው ወደዚህ ዕውቀት የሚገባበት በር ተከፈተለት ማለት ነው። ሰዋስውን ከመዝገበ ቃላቱ ጋራ ባንድነት መስጠታቸውም ለብቻው ለሚማር ሰው ታላቅ ቸርነት ነው።

ነገር ግን «ያለ መምህር ተማሩ» የሚለውን ውዳሴ አንቀበለውም። ሥራውን የጀመሩት መምህራቸው አለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እኒህም በሮማ ከኢጣሊያዊው ሊቅ ከጉይዲ ጋራ የሠሩ ነበሩ። አለቃ ኪዳነ ወልድ መጽሐፉ ሳይታተም ቢያርፉ፥ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። አንዱን ሥራ ሦስት ሰዎች ተቀባበሉት። ለመልካሳ ወጣቶች የጐደላቸው መጽሐፍ አይደለም (በየስልካቸው ሞልቷል)፤ ሥራቸውን አይቶ የሚያርምና የሚረከብ ሰው ነው እንጂ።

ነቀፋም አለን። ቃላቱ የተደረደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው። ይህ ተራ ከዕብራይስጥና ከሱርስት ፊደል ጋራ ስለሚስማማ ቋንቋ ለሚያነጻጽር ሊቅ ይመቻል። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጣው ተማሪ ግን አንዲት ቃል ለመፈለግ አስቀድሞ የፊደልን ተራ እንደገና ማጥናት ግድ ይሆንበታል። ለግእዙስ ይሁን እንበል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የመምህራቸውን ተራ አለቀቁም፤ «ሀ»ን ከመጀመሪያው ገጽ የሚጠብቅ አማርኛ ፈላጊም አምስተኛ ሆና ያገኛታል።