ጫማው ያበራል፣ እግሩ ያሳክካል

እስቲ ዛሬ ስለ ካልሲ እናውራ። አዎ፣ ስለ ካልሲ! “ሌላ ጉዳይ ጠፍቶ ነው?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ካልሲ ጉዳይ አይደለም ብለን ስለተስማማን ነው ነገሩ የተበላሸው።

ከተማችንን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ጠዋት ቢሮ ከመግባቱ በፊት ሊስትሮ ዘንድ ጎራ የማይል ስንቱ ነው? ጫማው በቀለም፣ በብሩሽ፣ በጨርቅ ታሽቶ ፊት እስኪያሳይ ይወለወላል። ኮቱ ተተኩሷል፣ ክራቫቱ ከሸሚዙ ጋር ተመሳክሯል። ካልሲውስ? ካልሲው መንገድ ዳር ሦስቱ አንድ ላይ ታስሮ ሲሸጥ፣ ታክሲው እስኪሞላ ድረስ በመስኮት የተገዛ ነው። “ጥቁር አለህ?” ከምትለዋ ሌላ የተጠየቀ ጥያቄ የለም። ከምን ተሠራ፣ ላስቲኩ ያንቃል ወይ፣ ጣት ላይ ያለው ስፌት ይቆረቁራል ወይ፣ ማን ይጠይቃል? ሰው ለሚያየው ጫማ ግማሽ ቀን ስንከራከር እንውላለን፤ ቆዳችን ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተለጥፎ ለሚውለው ግን ግማሽ ደቂቃ አንሰጥም።

ጉዱ የሚታየው ጫማ ማውለቅ ሲመጣ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ፤ ጫማ የደበቀውንም ምንጣፍ ያወጣዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ መስጊድ በር፣ ወይም አዲስ ምንጣፍ ያነጠፈ ዘመድ ሳሎን ስንደርስ፣ የአንዱ አውራ ጣት በቀዳዳው ብቅ ብሎ ሰላም ይላል። የሌላው ሽታ ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባል። በነዚህ ሁለቱ እንሳሳቃለን፣ እናሽሟጥጣለን። ሦስተኛው ሰው ግን አለ። ካልሲው አልተቀደደም፣ አይሸትም፤ ግን አንዱን እግሩን በሌላው ሲፈትግ ያመሻል። በእሱ አንስቅም። እንቆጣዋለን።

“ምነው እንደዚህ ትፈትጋለህ?”

“ይኼ ካልሲ አልተስማማኝም መሰለኝ።”

“ካልሲ አልተስማማኝም? ኧረ መሞላቀቅ! እኛ በባዶ እግራችን አይደል እንዴ ያደግነው!”

እዚህች ላይ እንቁም። “በባዶ እግራችን ነው ያደግነው” የምትለዋ ክርክር የማታሸንፈው ሰው የለም። ልጅ ሹራቡ ኮሰኮሰኝ ሲል፣ ሚስት ሳሙናው እጄን ላጠው ስትል፣ እሷው ትመዘዛለች። ታዲያ በባዶ እግር ማደግ ምን እንዳደረገን የሚያውቅ ይኼን ያህል ይኮራባት ነበር?

ወላይታንና ጎጃምን ጨምሮ በብዙ የደጋና የወይናደጋ አካባቢዎች “ዝሆኔ” የሚባለው የእግር እብጠት አለ። ከትንኝ የሚመጣ ዓይነትም አለ፤ እዚህ የማወራው ግን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚሉት ነው። እሱ እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ያመጣው ነው፤ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ውስጥ ገብቶ እግሩን ያቆጣዋል። አሁን ልብ በሉልኝ፤ በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ዓይነት ባዶ እግር ከሚሄዱት መካከል የአንዱ እግር ሲያብጥ የሌላው ምንም አይሆንም። ለምን? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ከመልሱ አንዱን ሰጥቷል፤ አንዳንዱ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ማለትም ሰውነት ሁሉ እኩል ቻይ አይደለም። “እኔን ምንም አላደረገኝም” ማለት “አንተንም ምንም አያደርግህም” ማለት አይደለም። ይኼን መሞላቀቅ የሚል ካለ እዚያ ሄዶ ያበጠ እግር ላለው ገበሬ ይንገረው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ መድኃኒቱ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማንን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። የተሰጣቸው እንክብካቤ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ያንን ያገኙት እግራቸው የሚያገረሽበትና ከሥራ የሚያውላቸው ሕመም በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ገደማ ሲነሳባቸው፣ ያላገኙት ዘንድ 24 ጊዜ ገደማ ነበር። ተአምር አይደለም። ግን ለአራሽ ሰው አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ቀላል ነገር ነው እንዴ? እኛ የናቅነው ካልሲ እዚያ ከመድኃኒቱ ጋር ተቆጥሯል።

ወደ ከተማው እንመለስ። “ካልሲው አልተስማማኝም” የሚለው ሰው ምን ሆኖ ነው? ብዙ ጊዜ ነገሩ ከአራት ነገሮች አንዱ ነው። አንደኛው ላብ ነው፤ ናይለንና ፖሊስተር ላብ አይመጡም፣ ጫማውም ካላስወጣው እግር ቀኑን ሙሉ ተቀቅሎ ይውላል። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ ለእንዲህ ያሉ ጨርቆች የሚውለው ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ቀለም አንዳንዱ በላብ እየለቀቀ ቆዳ ላይ ይቀራል። ሦስተኛው ላስቲኩ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ካስቀረና እዚያው ካሳከከ፣ ወይ ጠብቋል ወይ ላስቲክ ውስጥ ያለው ኬሚካል አልተስማማም። አራተኛው ያጠብንበት ሳሙና ነው፤ ዱቄቱ በዛ፣ በረኪናው ተጨመረ፣ ውኃ ጠፍቶ አንዴ ብቻ ተለቀለቀ፤ የተረፈው እግር ላይ ያልቃል።

መፍትሔው ደግሞ እንደ ነገሩ ቀላል ነው። ጥጡ የበዛ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ ላስቲኩ ላላ ያለ ካልሲ መምረጥ። ስፌቱ ከቆረቆረ ገልብጦ መልበስ፤ ማንም አያይም፣ ጫማ ውስጥ ነው! አዲስ ካልሲ ሳይታጠብ እግር አይነካም። ሲታጠብ ይገለበጣል፣ ውኃው አረፋ እስኪያጣ ይለቀለቃል፣ እስኪደርቅ ይሰጣል። ጥጥ ላብ ይመጣል እንጂ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ብዙ የሚሄድ ሰው ቦርሳው ውስጥ አንድ ትርፍ ይያዝ። እግር ከታጠበ በኋላ፣ ለውዱም ቢሆን፣ የጣቶቹ መካከል ሳይደርቅ ካልሲ አይጠልቅም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ነጭ ቢያደርግ ይመረጣል፤ እግሩ የማይነግረውን ቁስል ካልሲው ላይ ያለው ጠብታ ይነግረዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በጣቶች መካከል፣ በተለይ ከትንሿ ጣት አጠገብ፣ እየረጠበ የሚላጠውና የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ፈንገስ ነው። ጎረቤት “ለእኔ ችፌ ፍቱን ነበር” ብላ የሰጠችው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል፣ ፈንገሱን ግን ያስፋፋዋል። ማሳከኩ ከሰነበተ ወይም ከቆሰለ ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ጎረቤት አይኬድም።

“ይኼን ሁሉ ማን ያጣዋል?” ትሉኝ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ የማያውቀው አይደለም። የመምረጥ ዕድል የሌለው ነው። ዩኒፎርሙ ጥቁር ካልሲ ነው ተብሎ እግሩን እያከከ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ አለ። ክረምት ከበጋ ቦት ጫማ ውስጥ የሚያድረው ዘበኛ አለ። እኛ የጣልነውን የላላና የተላጠ ካልሲ እንደ ስጦታ የምትቀበለዋ ሠራተኛችን አለች። እነሱ “አልተስማማኝም” ቢሉ መልሱ ምንድነው? መሞላቀቅ! የሀብታም እግር ሲያሳክክ “አለርጂ”፣ የድሃ እግር ሲያሳክክ “ቅብጠት” የሚባልበት አገር ላይ በሽታው እግር ላይ ብቻ አይደለም።

እና ትምህርት ቤቱ “ጥቁር” ከሚል “ጥጥ” ቢል ምን ይጎድልበታል? ቀጣሪው ለዘበኛው ከቦት ጫማው ጋር ሁለት ጥንድ ካልሲ ቢጨምር ይከስራል? የቤቱ አባወራ ልጁ “አሳከከኝ” ስትለው የልጅነት ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት ጎንበስ ብሎ እግሯን ቢያይስ?

ሊስትሮው ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው። ከጫማው በላይ ያለውን ለእሱ እንተውለት። ከጫማው ውስጥ ያለው የእኛ ነው።