የኑዷር ቢንት አቡ ሐያን ታሪክና የሙያ ቃላቱ አተረጓጐም

የመካከለኛውን ዘመን የዐረብ ሊቃውንት ታሪክ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተነው በሙያ ቃላቱ ነው። ለዚህም የኑዷር ቢንት አቡ ሐያን ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆናል። ኑዷር በ702 ዓመተ ሂጅራ ተወልዳ በ730 (እ.ኤ.አ. 1329/30) በወጣትነቷ ያረፈች፣ የግራናዳው የሰዋስው ሊቅ የአቡ ሐያን ልጅ ናት። አባቷ ከቱርክኛ ሰዋስው ሌላ ስለ ሐበሻ ቋንቋ የጻፈው፣ ለእኛ ግን ያልደረሰ ድርሰት ነበረው።

አስ-ሰፈዲና ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኢብን ሐጀር ትምህርቷን ሲዘግቡ ሦስት ቃላትን ይለያሉ። በአድ-ዲምያጢ ጉባኤ «ሑዱር»፣ ከግብጽ ሸኾች ዘንድ «ሰማዕ»፣ ከግራናዳው ኢብን አዝ-ዙበይር ደግሞ «ኢጃዛ» ነበራት። ሦስቱን አንድ ላይ «ተማረች» ማለት ለተርጓሚው ቀላል፣ ለታሪኩ ግን ጉዳት ነው። አድ-ዲምያጢ በ705፣ ኢብን አዝ-ዙበይር በ708 ማረፋቸውን ልብ ይሏል። ስለዚህ «ሑዱር» የሕፃን በጉባኤ መገኘት እንጂ ትምህርት አይደለም። «ኢጃዛ»ንም «ዲፕሎማ» ብንለው ከስድስት ዓመት ላልበለጠች ልጅ ዲፕሎማ አሰጠን ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ይህን የተገነዘበ አንባቢ የኑዷር ዕውቀት በሙሉ የአባቷ ስም ያስገኘው ክብር ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። እውነተኛ ሙያዋ የተገለጸው ግን በሌሎች ቃላት ነው፤ ይኸውም የነሕው መግቢያ መጽሐፍ በቃሏ አጥንታለች፣ ለራሷ «ጁዝእ» አውጥታለች፣ ግጥም ገጥማለች፣ «ኢዕራብ»ንም አሳምራ ታውቅ ነበር። እዚህ ላይ «ጁዝእ» የቁርኣን ክፍል ሳይሆን የሐዲስ ጥራዝ ነው። «ኢዕራብ»ም ዐረብኛ መናገር ሳይሆን የቃላትን ሙያና የመጨረሻ ድምፅ ለይቶ ማስረዳት ነው። አባቷ ወንድሟ ሐያን እንደ እርሷ በሆነ ብሎ መመኘቱ የተዘገበውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለሆነም «ሑዱር» በጉባኤ መገኘት፣ «ሰማዕ» ከመምህር አፍ መስማት ቢባሉ ተገቢ ይመስለናል፤ ለሁለተኛው የግእዙ «ሰምዐ» ሥረ-ቃል ራሱ ይመሰክራል። «ነሕው»ና «ኢጃዛ» ግን በወሎ የእስልምና ትምህርት ውስጥ የቆዩ ስለሆኑ እንዳሉ ይጻፉ፤ «ኢጃዛ» የማስተላለፍ ፈቃድ ተብሎ ይፈታ። ለሕፃኒቱ የተሰጣትና ሴቲቱ በድካሟ ያገኘችው በየስማቸው ካልተጠሩ ሊቅነቷ ከተርጓሚው እጅ ይጠፋል።