መቶ ሃምሳ ቃል ከሆሞሻ

ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክት ተማሪ ዋናውን ድርሰት ጽፎ ሲገላገል ተጨማሪ ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የማመልከቻ ድረ ገጽ፣ በኮመን አፕ፣ ለዋናው ድርሰት እስከ 650 ቃል ይፈቀዳል። ተጨማሪዎቹን ግን እያንዳንዱ ኮሌጅ እንደየአመሉ ያወጣቸዋል። ስታንፎርድ ወደፊት አብሮህ ለሚያድረው የዶርም ጓደኛህ ጻፍለት ይላል፤ ቺካጎ ተማሪዎቹና የቀድሞ ተማሪዎቹ ያመነጯቸውን እንግዳ ጥያቄዎች ያቀርባል። የሚበዙት ግን «ለምን ይህን ትምህርት?» «ለምን እኛን?» የሚሉት ናቸው፤ ቦታቸውም ጥቂት መቶ ቃል ቢሆን ነው። እኔ ከዋናው ድርሰት ይልቅ እነዚህን አጫጭር መልሶች እወዳለሁ። የጸሐፊው እጅ የሚታየው እዚህ ነው።

የእኛ ልጆች ለዚህ እንግዳ ናቸው። 12ኛ ክፍል ላይ ከአራት ምርጫ አንዱን ይመርጣሉ፣ ውጤቱ ይመድባቸዋል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ይድረሳቸው ጎንደር፣ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም።

እስቲ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ሆሞሻ ያደገ፣ ጂኦሎጂ መማር የሚፈልግ ልጅ እናስብ። «ለምን ይህን መስክ መረጥክ?» ተብሏል፤ የተሰጠው 150 ቃል ነው። የመጀመሪያ ረቂቁን ሳናየው እናውቀዋለን፦ «ሀገሬ ኢትዮጵያ በማዕድን ሀብት የታደለች ናት።» ስህተት የለበትም፤ ችግሩ ማንም ሊጽፈው መቻሉ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ ወደ እንባ ይሄዳል፦ ድህነት፣ ፀሐይ፣ የእናት ድካም። ይህኛው ይብሳል፤ እናቲቱን አሳንሶ ነው የሚያሳያት።

ሦስተኛው ረቂቅ ወንዝ ይወርዳል። እናቱ የወርቅ ማጠቢያ ገበታዋን ውሃ ውስጥ ትነክራለች፣ ታዞራለች፣ ጠርዙን በትንሹ ታዘነብላለች። አፈሩና ቀላሉ አሸዋ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በመጨረሻ ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ ወርቁም እዚያው ውስጥ። ልጁ ገና በልጅነቱ የጠየቃትን ያስታውሳል፦ ጥቁሩስ ለምን አብሮ ቀረ? መልሱን ያገኘው በኋላ ፊዚክስ ክፍል ነው፤ ብረት ስላለበት ከተራው አሸዋ ይከብዳል። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ይህ ወርቅ ከየትኛው ዐለት ተሸርሽሮ ነው ወንዙ የደረሰው? ድርሰቱ እዚህ ያበቃል። «ተመርቄ ወገኔን አገለግላለሁ» የሚል ጭራ አልተቀጠለበትም።

አሠራሩን ልብ በሉ። እናት እዚህ ባለሙያ ናት፣ የሚታዘንላት ሰው አይደለችም። ሦስት ግሶች እጇን አሳዩን፤ ቅጽል አላስፈለገም። «ጂኦሎጂ እወዳለሁ» የሚል ቃል የትም የለም፤ ፍቅሩን ጥያቄው ራሱ ተናገረለት። ሁለት ሦስተኛው ቦታ ለወንዙ ሲሰጥ የቀረው ለማያውቀው ነገር ተትቷል። ለእኔ ትልቁ ጥበብ ይኸኛው ነው፤ ትምህርት ቤት «አላውቅም» የሚል ሰው አይፈልግም እያልን ነው ልጆቹን ያሳደግናቸው።

«ለምን እኛን?» ለሚለው ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ። የኮሌጁን ስም አውጥታችሁ የሌላ አስገቡበት፤ ያው ከሄደ ጽሑፉ አልተሠራም። ልጃችን ግን የዐለቱን ጥያቄ ይዞ ይሄዳል፤ በዚያ ኮሌጅ ይህንኑ የሚያጠና ቤተ ሙከራ ወይም መምህር ፈልጎ ያገናኘዋል።

ሦስተኛ ጥያቄ ስለ ማኅበረሰቡ ቢመጣስ? ወርቁን ደግሞ አያመጣም። የአካባቢውን የበርታ ሕዝብ የቅል መለከት፣ ዋዛን፣ ያነሣል። እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ ነው። የሚጽፈውም ተራውን ስለሚጠብቅባት ቅጽበት ይሆናል።

የኮመን አፕ አዲስ ዙር ሐምሌ 25 ይከፈታል፤ የብዙዎቹ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ የሚዘጋው ጥቅምት 22 ነው። የእንግሊዝኛ መምህራን ሆይ፣ ተማሪያችሁ ረቂቁን ይዞ ሲመጣ ሰዋስዉን ከማረማችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ይህን ካንተ በቀር ማን ሊጽፈው ይችላል?»