«48 ቮልት» የሚባለው ቅጽል ስም

ሳይክላችሁን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር ባትሪ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታነቡት ጽሑፍ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ነው። አጭር ነው፦ «48 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት»። አንዳንዴ ከሥሩ «80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚል ይጨመርበታል። ዛሬ ሂስ የምናቀርበው በዚህች ወረቀት ላይ ነው፤ ከጻፈችው ይልቅ የዘለለችው ይበዛልና።

ከዓለም ጤና እንነሳ። ከተማዋ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ፣ ቆቃን አልፋችሁ መቂ ከመድረሳችሁ በፊት ያለች ናት። ዓለም ጤናም መቂም ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ለሳይክል ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል? አንድ ወጣት መቂ ደርሶ መመለስ ፈለገ እንበል። ለስሌት እንዲመቸን መሄጃውን 25፣ ደርሶ መልሱን 50 ኪሎ ሜትር አድርገን እንያዝ። ፔዳል ብዙም ሳይመታ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሳይክል በየኪሎ ሜትሩ 15 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ለ50 ኪሎ ሜትር 750 ዋት ሰዓት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አሁን ወረቀቷን እንያት። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ስታባዙ ባትሪው የያዘውን ጉልበት ታገኛላችሁ፦ 48 በ20፣ 960 ዋት ሰዓት። «80 ኪሎ ሜትር» የተባለው እውነት እንዲሆን ሳይክሉ በኪሎ ሜትር ከ12 ዋት ሰዓት በላይ መብላት የለበትም፤ ባትሪውም እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መጨመቅ አለበት። ይሄ ለቀላል ሰው፣ ያለ ጭነት፣ ያለ ነፋስ ይሆናል። ነፋስ ግን አለ። አዳማ ዙሪያ ትልልቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው፣ አየሩ ወደ ኋላ የሚገፋበት ጉልበት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። ወረቀቷ ስለ ነፋስ አንድ ቃል አትልም።

ከሁሉ የከፋው ጥፋቷ ግን «48» የምትለዋ ቁጥር ናት። ገበያ ላይ «48 ቮልት» የሚባሉት ባትሪዎች በውስጣቸው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ አራት ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ኒኬል ያለበት ሊትየም ነው፤ ባለ 3.6 ቮልት ሴሎች 13 ሆነው 46.8 ቮልት ይሰጣሉ፣ ጢም ብሎ ሲሞላ 54.6 ይደርሳል። ሦስተኛው ሊትየም ብረት ፎስፌት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለ 3.2 ቮልት 16 ሴሎች ይሆኑና 51.2፣ ሲሞላ 58.4 ቮልት። ሦስቱም በአንድ ቅጽል ስም ይጠራሉ።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ ቻርጀሩ ላይ ነው። ለ16 ሴል የተሠራውን ባለ 58.4 ቮልት ቻርጀር በ13 ሴል ባትሪ ላይ ብትሰኩት እያንዳንዱ ሴል ወደ 4.5 ቮልት ይገፋል። የእነዚህ ሴሎች ጣሪያ ደግሞ 4.2 ነው። ከዚያ በላይ የተሞላ ሴል ውስጡ እየተበላሸ፣ እየጋለ፣ በመጨረሻም ሊቃጠል ይችላል። ሴሎቹን የሚጠብቀው ሰርኪት፣ ቢኤምኤስ የሚሉት፣ ቶሎ ቆርጦ ሊያድናችሁ ይችላል፤ ደህና ቢኤምኤስ ካለው። «48 ቮልት ነው፣ 48 ቮልት ነው» ብሎ ከጎረቤት ቻርጀር መዋስ ግን በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነውኮ!

«የእርሳሱ ይሻላል፣ ርካሽ ነው» የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። ቀላል የሚመስል ግን ውድ ምክር ነው። ብዙዎቹ የታሸጉ ደረቅ ባትሪዎች ለዩፒኤስ የተሠሩ ናቸው፤ «20 አምፔር ሰዓት» የሚባሉትም በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብለው ሲወጡ ነው። ፖይከርት የተባለው ጀርመናዊ በ1897 እ.ኤ.አ. በቀመር እንዳስቀመጠው፣ የእርሳስ ባትሪ በጥድፊያ ሲወጣ የሚሰጠው ይቀንሳል። የመቂውን ደርሶ መልስ በ2 ሰዓት ስትጨርሱ ከ20ው 15 ያህሉን ታገኛላችሁ እንበል። 15 በ48፣ 720 ዋት ሰዓት። የሚያስፈልገን 750 ነበር። ያ ወጣት ዓለም ጤና ሊገባ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቆመ፤ አሁን 25 ኪሎ ግራም የሚያህል ባትሪ የተጫነበትን ሳይክል ይገፋል። ይሄ ባትሪው አዲስ ሆኖ ነው። የእርሳስ ባትሪን እስከ ግርጌው ማራቆት ዕድሜውን ያሳጥራል። ሙቀትም ይበላዋል፦ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚባል የባለሙያዎች ግምት አለ።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የኔ ምርጫ ሊትየም ብረት ፎስፌት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ የታወቀ ቁስ ነው፤ ጉዲናፍ በ2019 እ.ኤ.አ. በ97 ዓመታቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋርተዋል። በውስጡ ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር አጥብቆ ስለተሳሰረ፣ ሲግል እንደ ኒኬሉ በቀላሉ ኦክስጅን ለቆ እሳቱን አይመግብም። ፈጽሞ አይቃጠልም ማለት አይደለም። በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ሊወጣ ይችላል፤ ክብደቱም 10 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ከኒኬሉ ትንሽ ይከብዳል፤ ሜዳ ላይ ግን ማን ይሰማዋል?

ከውጭ የምታነቡት ምክር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀው በረዶ ነው፤ «ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉ» ይላል። ዓለም ጤና ላይ የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው፦ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ጥቁር ሣጥን። ብዙ ሴሎች ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለባቸውም። እንደደረሳችሁ አትሰኩት፤ ጥላ ውስጥ ይብረድ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ሴል አውጥቶ ራስ መገጣጠምስ? እጅን ማፍታት ደስ ይላል፤ ያረጁ ሴሎችን ቀላቅሎ ከመኝታ ቤት አጠገብ ቻርጅ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ በሊትየም ባትሪ እሳት 18 ሰዎች ሞተውባታል፤ ከአሮጌ ሴሎች የተገጣጠመ ባትሪ መሸጥንም በሕግ ከልክላለች።

አዲስ የተባለውም ሴል ይዋሻል። 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የተለመደው ሴል ላይ «9900 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ተጽፎ ብታገኙ ሳትከራከሩ መልሱት። የዚህ መጠን ምርጦቹ ሴሎች 3500 አካባቢ ናቸው። 9900 እውነት ቢሆን ኖሮ 45 ግራሟ ሴል በዓለም ላይ ካሉት የዚህ ዓይነት ምርጥ ሴሎች ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት በያዘች ነበር። ሚዛን ካለ መዝኑ፤ ከ40 ግራም በታች ከሆነች ውስጧ ምን እንዳለ መገመት አይከብድም።

ሱቅ ስትሄዱ እንግዲህ «ስንት ቮልት ነው?» አትበሉ። «ሲሞላ ስንት ቮልት ይደርሳል? ስንት ሴል ነው? ቢኤምኤሱ ሳያቋርጥ ስንት አምፔር ይችላል?» በሉ። ኮንትሮለራችሁ 25 አምፔር የሚስብ ከሆነ ባለ 20 አምፔር ቢኤምኤስ መኪና ሲያልፋችሁ፣ ፍጥነት በጨመራችሁባት ደቂቃ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆርጦ ይጥላችኋል። ሻጩ 54.6ን ከ58.4 ካልለየ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።